ስምንት ሩት በ640 ሺህ ዶላር፦ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለብዙ ዓመታት ታክሲ፣ በኋላም ኡበር ነዳሁ፤ አሁን ወገቤ እምቢ ብሎኛል። በቤተ ክርስቲያን የማውቀው አንድ የአገራችን ሰው የፌዴክስ ግራውንድ ሩቶቹን፣ ማለት ፓኬጅ የሚያደርስባቸውን መስመሮች፣ ሊሸጥ ነው። ስምንት ሩት፣ አሥር ሾፌርና ዘጠኝ መኪና አለው፤ አምስቱ ፎርድ ትራንዚት፣ አራቱ ስቴፕ ቫን የሚባሉት ትልልቅ የፓኬጅ መኪኖች ናቸው። በዓመት 1,150,000 ዶላር እንደሚገባና 205,000 ዶላር እንደሚተርፍ የሚያሳይ አንድ ገጽ ወረቀት ሰጥቶኛል፤ ኮፒውን ልኬልዎታለሁ። ዋጋው 640,000 ዶላር ነው። ከቁጠባዬ፣ ከደረሰኝ እቁብና እህቴ ከምታበድረኝ 150,000 አሰባስቤ፣ ቀሪውን 490,000 ባንክ እንደሚያበድረኝ ደላላው ነግሮኛል። ባንኩ ቤታችንን በመያዣነት ሊጠይቅ ይችላልም ብሎኛል። ሻጩ “ወንድሜ ማናጀር ስለሆነ አንተ ቤትህ ቁጭ ብለህ ቼክህን መቀበል ነው” ይለኛል። ባለቤቴን ግን ደስ አላላትም። ምን ይመክሩኛል?

የሦስት ልጆች አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

ወንድሜ፣ በዚህ ዋጋና በዚያች አንድ ገጽ ወረቀት አይግዙ። ባለቤትዎ ደስ ያላላት በምክንያት ነው፤ ምክንያቱን በቁጥር ላሳይዎ።

ሥራውን ላስጠላዎ ብዬ አይደለም። ባለቤቴ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ሩት ያካሂድ በነበረበት ጊዜ የሾፌሮቹን ፕሮግራም የማወጣው፣ ፔይሮሉን የምሠራው፣ ከኢንሹራንስ ጋር የምሟገተው እኔ ነበርኩ። ልጆቻችንን ያስተማርነው በዚያ ገንዘብ ነው። ከሸጥን ወዲህም የሌሎች ኮንትራክተሮችን፣ ማለት በውል ለፌዴክስ ፓኬጅ የሚያደርሱ ሰዎችን፣ ሒሳብ እይዛለሁ፤ አብዛኞቹ የእኛው ሰዎች ናቸው። ጥሩ የሚኖሩበት አሉ፤ ያላቸውን ሁሉ አሟጠው የወጡም አሉ። ያየሁት ልዩነት ብዙውን ጊዜ የተፈጠረው ገና ግዢውን በተፈራረሙበት ቀን ነው። ስለዚህ እባክዎ ከመፈረምዎ በፊት እስከ መጨረሻው ያንብቡኝ።

“ሩት ገዛሁ” ሲባል የሚገዛው ምንድን ነው? አካባቢውም፣ ደንበኛውም፣ ፓኬጁም የኮንትራክተሩ አይደለም። የሚሸጥልዎ ሻጩ ከፌዴክስ ጋር የገባው ውል፣ መኪኖቹና ሠራተኞቹ ይቀጥላሉ የሚለው ተስፋ ነው። ውሉ ማብቂያ ቀን አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ነው። ሲያልቅ እንደገና ድርድር ይደረጋል፤ ይታደሳል ብሎ ዋስትና የሚሰጥ የለም። ዝውውሩም ፌዴክስ እርስዎን መርምሮ ካልተቀበለ አይጸናም። የብድሩ ዕድሜ ግን አሥር ዓመት ነው። እንግዲህ ሻጩን ሲያገኙ መጀመሪያ የሚጠይቁት “ውሉ የሚያልቀው መቼ ነው?” ብለው ይሁን። ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውት ከሆነ ወይ አድሶ ይሽጥልዎ፣ ወይ ዋጋውን ይቀንስ።

ይህ የወረቀት ስጋት ብቻ እንዳይመስልዎ። በ2022 ስፔንሰር ፓተን የሚባል፣ ከ200 በላይ ሩት የነበረው የቴነሲ ኮንትራክተር “ነዳጅና ደመወዝ ንረው ኮንትራክተሮች እየከሰሩ ነው፣ ፌዴክስ ክፍያውን ያሻሽል” ብሎ በአደባባይ ተናገረ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ፌዴክስ ፍርድ ቤት ከሰሰው፤ ውሉንም አቋረጠ። ማን ልክ ነበር የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለት መቶ ሩት ያለው ሰው በዚህ መልኩ ውሉን ካጣ፣ ስምንት ሩት የያዘ ሰው ምን ያህል የመደራደር አቅም እንደሚኖረው ያስቡት።

ሌላም አለ። ፌዴክስ ለብዙ ዓመታት ኤክስፕረስና ግራውንድ የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ድርጅቶች ነበሩት፤ አንድ ሰፈር ውስጥ የሁለቱም መኪና ይዞር ነበር። በሰኔ 2024 አንድ ኩባንያ አድርጓቸዋል። “ኔትወርክ 2.0” በሚለው ዕቅድም የሁለቱን ማከፋፈያዎች በየከተማው እያዋሃደ፣ የሚዘጋውን እየዘጋ ነው። ይህ ለአንዱ ኮንትራክተር ተጨማሪ ፓኬጅ ያመጣል፤ የሌላውን ክልል ያጠብበታል፤ ሾፌሮቹ ጠዋት የሚነሱበትን ተርሚናልም ሊያርቅ ይችላል። በእርስዎ ተርሚናል ለውጡ ተካሂዷል? ካልተካሄደ መቼ ነው? ሻጩ የሚሸጠውም ይህን ሰምቶ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁት። የአገር ሰው ስለሆነ መጠየቅ ነውር መስሎ እንዳይታይዎ።

አሁን ወደ ወረቀቷ እንሂድ። አሥሩ ሾፌሮች በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 200 ዶላር ሲከፈላቸው በዓመት 520,000 ይመጣል። አሠሪው የሚጨምረው 7.65 በመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ ወደ 40,000 ነው። ነዳጅ 130,000፣ የመኪናና የሠራተኛ ጉዳት ኢንሹራንስ 120,000፣ ጥገና 60,000፣ ልዩ ልዩ 75,000 ይላል። ሲደመር 945,000፤ ከገቢው ሲቀነስ 205,000 ይተርፋል። ድምሩ ልክ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ እዚያ ወረቀት ላይ ያልተጻፈው ነው።

መጀመሪያ፣ ወንድምየው የት አለ? ማናጀር ነው ተብለዋል፤ ወረቀቱ ላይ ግን የማናጀር ደመወዝ የሚል መስመር የለም። ቤተሰብ ስለሆኑ ትርፉን ተካፍለው ይኖራሉ ማለት ነው። ሽያጩ ባለቀ ማግስት ወይ ይሄዳል፣ ወይ ደመወዝ ይጠይቃል፤ ሁለቱም መብቱ ነው። በእኛ አካባቢ ይህን ሥራ የሚችል ሰው ከነታክሱ በዓመት ከ70,000 በታች ያገኛሉ ብዬ አላምንም።

ማናጀሩ የሚሠራውን ስላላዩት እነግርዎታለሁ። ጎህ ሳይቀድ ተርሚናል ይገባል። መኪኖቹ ጀርባቸውን ለቤልቱ፣ ፓኬጁን ለሚያመጣው ተንቀሳቃሽ ቀበቶ፣ ሰጥተው ተደርድረዋል፤ ሳጥኑ እየተንከባለለ ይመጣል። ጎማው፣ የሶፋው ካርቶን፣ የውሻ ምግቡ ከረጢት ቤልቱ ላይ ስለማይሆን በጋሪ ይመጣና መኪናው በር ላይ ይከመራል። በዚህ መሐል ስልክ ይጮኻል፤ አንዱ ሾፌር “ልጄ ትኩሳት ይዞታል፣ አልመጣም” ይላል። ያ ሰው በዚያ ቀን 140 ስቶፕ፣ ማለት ፓኬጅ የሚያደርስበት ቦታ፣ አለው። የእሱን ስቶፕ ለሦስት ሰው ማከፋፈል፣ ፓኬጁን ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ማዛወር፣ ወይም ራስ ዩኒፎርም ለብሶ መውጣት ያስፈልጋል። ተተኪ ልላክ ቢሉ እንኳ የኋላ ታሪክ ማጣሪያና የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ያላለፈ፣ በስርዓቱ ያልተመዘገበ ሰው መንዳት አይችልም። እኔ እነዚያን ጠዋቶች በስልክ ነው የኖርኳቸው። “ቤትህ ቁጭ ብለህ ቼክ ትቀበላለህ” ያለዎት ሰው ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ነው ወንድሙን እዚያ ያቆመው።

ሁለተኛው ኦቨርታይም ነው። ብዙ ወገኖቻችንን ፍርድ ቤት ያቆመ ጉዳይ ስለሆነ ቀስ ብለው ያንብቡት። የፌዴራሉ ሕግ ከባድ መኪና የሚነዱ ብዙ ሾፌሮችን ከኦቨርታይም ነጻ ያደርጋል። የመኪናው የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት 10,000 ፓውንድ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ የተሠራው ሁሉ ኦቨርታይም ይከፈልበታል። ብዙው ፎርድ ትራንዚት ከዚህ ልክ በታች ነው፤ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈውን ምልክት ያንብቡ። “እኔ የምከፍለው በቀን ስለሆነ አይመለከተኝም” የሚባለው አይሠራም። ሾፌሩ በአምስት ቀን 1,000 ዶላር አግኝቶ 50 ሰዓት ከሠራ፣ የሰዓቱ ዋጋ 20 ዶላር ይሆናል፤ ለተረፉት አሥር ሰዓታት ደግሞ በሰዓት ግማሹ፣ 10 ዶላር ይጨመርለታል። ለአንድ ሾፌር በሳምንት 100 ዶላር ነው። አምስቱ የትራንዚት ሾፌሮች በዓመት 26,000 ዶላር። ወረቀቱ ላይ የለም። ያለፈው ሳይከፈል ቀርቶ ከሆነም ሾፌሮቹ ወደኋላ ተመልሰው መክሰስ ይችላሉ። የሻጩን ኮርፖሬሽን እንዳለ ከነስሙ ከገዙ ይህ ዕዳ አብሮ ይመጣብዎታል፤ ጠበቃዎ መኪኖቹንና ውሉን ብቻ እንዲገዙ አድርጎ ይጻፈው።

ሦስተኛው መኪናው ነው። ለጥገና 60,000 ተይዟል፤ ለመተኪያ ግን ምንም የለም። ስቴፕ ቫን ረጅም ዕድሜ አለው ይባላል፣ አለውም። ግን በየበሩ እየቆመ የሚነሳ መኪና ፍሬኑ፣ ትራንስሚሽኑ፣ የጎን በሩ ሐዲድ ሳይቀር ያልቃል። ከዘጠኙ በየዓመቱ አንዱን ባገለገለ መኪና እተካለሁ ብለው 40,000 ዶላር ያስቀምጡ። የእያንዳንዱን ማይልና የጥገና ደረሰኝ ይጠይቁ፤ የራስዎን መካኒክ ይዘው ይሂዱ እንጂ ሻጩ የሚያሠራበት መካኒክ የሚልዎትን ብቻ አይቀበሉ። የባለቤትነት ወረቀቱ ላይ የባንክ ዕዳ መኖር አለመኖሩንም ያረጋግጡ።

እንግዲህ ከ205,000 ላይ 70,000፣ 26,000 እና 40,000 ሲቀነስ 69,000 ይቀራል። 490,000 ዶላር በአሥር ዓመት፣ በ10 በመቶ ወለድ ቢበደሩ የወር ክፍያው ወደ 6,475 ዶላር፣ የዓመቱ ወደ 77,700 ነው። ማለት ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ 8,700 ዶላር ከኪስዎ ይጨምራሉ። ይህ ምንም ሳይበላሽ፣ ሾፌር ሳይጋጭ፣ ኢንሹራንሱ ሳይጨምር ነው።

“እኔ ራሴ ማናጀር ብሆንስ?” ይሉኛል። ያኔ 70,000ው ለእርስዎ ይቀራል፤ ብድሩን ከፍለው 61,000 ዶላር ገደማ ያገኛሉ። ዕዳውን እየቀነሱ መሆኑም እውነት ነው። ግን የእህትዎን ገንዘብና እቁብዎን አፍስሰው፣ በታመመ ወገብ በሳምንት ስድስት ቀን ጎህ ሳይቀድ እየተነሱ የሚያገኙት ይኸው ነው። ዕዳው ሲያልቅ የሚቀርልዎም ያው በየጊዜው የሚታደስ ውል ነው።

ስለዚህ ዋጋውን እንደገና እናውጣው። ደላሎች ሩት የሚሸጡት ብዙውን ጊዜ የዓመቱን ትርፍ በሦስት አካባቢ እያባዙ ነው፤ የእርስዎም ሻጭ ያደረገው ይህንኑ ነው። በእውነተኛው ትርፍ ካባዛነው 207,000 ዶላር ይመጣል። መኪኖቹ ደህና ሆነው ከተገኙ ከፍ ይበል፤ 640,000 የሚያደርሰው ግን አላየሁም። ሻጩ በቁጥሩ የሚተማመን ከሆነ ደግሞ ከዋጋው ጉልህ ድርሻ የሚሆነውን ራሱ በሁለት ዓመት ከፋፍሎ ይቀበል፤ ውሉ ሳይታደስ ቢቀር ቀሪው እንዲሰረዝ ይጻፍ። የባንክ ብድር ካለበት ባንኩም በዚህ መስማማት አለበት። ይህን ሲያቀርቡለት ፊቱን አይተው ብዙ ነገር ይረዳሉ።

ለመደራደር ግን ከወረቀቷ የበለጠ ማስረጃ ያስፈልግዎታል። ዋናው ሰትልመንት ነው፤ ፌዴክስ በየሳምንቱ ለኮንትራክተሩ የሚያወጣው የክፍያ ዝርዝር። እዚያ ላይ የሳምንቱ ቋሚ ክፍያ ለብቻው፣ በስቶፕ የሚከፈለው ለብቻው፣ በፓኬጅ የሚከፈለው ለብቻው፣ የነዳጅ ድጎማው ለብቻው ተጽፏል። የሁለት ዓመቱን፣ አንድም ሳምንት ሳይጎድል ይጠይቁ። ከታንክስጊቪንግ እስከ ገና ያሉትን ሳምንታት አሳይቶ “ሳምንቱ ይኼ ነው” የሚል ሻጭ አይቻለሁ፤ የየካቲቱን ስናወጣው ሌላ ንግድ ይመስላል። የነዳጅ ድጎማው ነዳጅ ሲረክስ እንደሚወርድም አይርሱ። የስቶፑ ቁጥር ካምናው ዘንድሮ ወርዶ እንደሆነ በየወሩ ያነጻጽሩ።

ከዚያ የታክስ ወረቀቱ። ሻጩ ታክሱን ሌላ ሰው እንዲያይ የሚፈቅደውን ፎርም 8821 ይፈርምልዎት፤ ሒሳብ ሠራተኛዎ ከአይአርኤስ በቀጥታ ያመጣዋል። ሻጩ አትሞ የሚሰጥዎትን ብቻ አይመኑ። በየሦስት ወሩ የሚገባው የደመወዝ ታክስ ሪፖርት፣ ፎርም 941፣ አራቱ ሲደመሩ 520,000 አካባቢ ደመወዝ ማሳየት አለባቸው። 350,000 ብቻ ካሳዩ አንዳንዶቹ ሾፌሮች በጥሬ ገንዘብ ወይም በ1099፣ ማለት እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ግል ሠራተኛ፣ እየተከፈላቸው ነው። ያኔ ጨዋታው አልቋል፤ ተመስገን ብለው ይውጡ። የኢንሹራንሱን የአምስት ዓመት የአደጋ ዝርዝርም ይጠይቁ፤ የእርስዎ ዋጋ የሚተመነው እሱን ታይቶ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ከወንድምየው ጋር ይዋሉ፤ አንዱ ቀን ቅዳሜ ይሁን። ሾፌሮቹ ስንት ጊዜ እንደቆዩ፣ ስንቱ የእነሱ ዘመድ እንደሆነ ይወቁ። ባለቤቱ ሲቀየር ዘመድ ሾፌር አብሮ የሚወጣበትን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አሥር ሾፌር ካለው ሩት አራቱ በአንድ ሳምንት ሲለቁ የሚያድርብዎትን ጭንቀት ለጠላቴም አልመኝም።

ስለ ቤቱ። በመንግሥት ዋስትና የሚሰጠው የኤስቢኤ ብድር ከሆነ፣ ከንግዱ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ በግሉ ዋስ ሆኖ ይፈርማል። ኮርፖሬሽን ማቋቋምዎ ከዚህ አያድንዎትም። የዜግነትና የመኖሪያ ፈቃድ ደንቡም ከ2025 ወዲህ ጠብቋልና ዜጋ ካልሆኑ ለደላላው ምንም ሳይከፍሉ ባንኩን አስቀድመው ይጠይቁ። ቤቱን ግን አያስይዙ፤ እለምንዎታለሁ። ዋጋው ቤት ሳይያዝ የማይሸፈን ከሆነ ዋጋው ከአቅምዎ በላይ ነው። ደላላው ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲፈጸም ነው፤ ለልጆችዎ ጣሪያ የሚያስበው እርስዎና ባለቤትዎ ብቻ ናችሁ። ይህን ገጽ ለእሷም ያንብቡላት፤ ከሻጩ ጋር ስትነጋገሩም አብራ ትቀመጥ።

ጥያቄ

እትዬ፣ 24 ዓመቴ ነው። አንድ የፌዴክስ ግራውንድ ኮንትራክተር ጋ ተቀጥሬ ፓኬጅ አደርሳለሁ። አሠሪዬ “አንዱን ሩት በ35,000 ዶላር ልሽጥልህ፣ የራስህን ቫን ይዘህ ሥራ፣ በ1099 እከፍልሃለሁ፣ የራስህ አለቃ ትሆናለህ” አለኝ። ከአንድ ሩት ጀምሬ ቀስ እያልኩ ባድግስ?

ወጣቱ ሾፌር፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ

ልጄ፣ ብሩን እንዳትሰጠው። አሠሪህ የሚሸጥልህ ነገር በእጁ የለም።

አንድ ሰው አንድ መኪና ይዞ ኮንትራክተር የሚሆንበት ዘመን ነበር። ድርጅቱ በ1985 አርፒኤስ ተብሎ ፒትስበርግ ላይ ሲጀመር የተሠራው በዚያ መንገድ ነው። ፌዴክስ በ1998 ገዛው፤ በ2000 ግራውንድ ብሎ ስሙን ቀየረው፤ አሠራሩ ግን ቀጠለ። ሾፌሮቹ መኪናውን በራሳቸው ገንዘብ ይገዛሉ፣ ነዳጁን ይሞላሉ፣ ዩኒፎርሙን ይለብሳሉ፤ ሲታመሙ የሚከፍላቸው የለም። በየስቴቱ ከሰሱ። በነሐሴ 2014 የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የካሊፎርኒያዎቹ ሾፌሮች በሕግ ፊት ሠራተኞች ናቸው ብሎ ፈረደ። በሚቀጥለው ዓመት ፌዴክስ ለእነሱ 228 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2016 ደግሞ ለሃያ ስቴት ሾፌሮች 240 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ።

ዛሬ ያለው አሠራር የመጣው ከዚያ ሁሉ ክርክር ጋር ነው። አሁን ኮንትራክተሩ የተመዘገበ ኮርፖሬሽን መሆን አለበት። ቢያንስ አምስት ሩት ወይም በቀን 500 ስቶፕ መያዝ አለበት። ሾፌሮቹንም በዳብሊው-2፣ ማለት እንደ መደበኛ ተቀጣሪ፣ ቀጥሮ ታክሳቸውንና የጉዳት ኢንሹራንሳቸውን መክፈል አለበት። አሠሪህ አንዱን ሩት ቆርሶ በ1099 ቢሰጥህ የራሱን ውል ያፈርሳል። ፌዴክስ ሲደርስበት እሱ ኮንትራቱን ያጣል፤ አንተ 35,000 ዶላርህን የምትጠይቀው ሰው አይኖርም። እስከዚያውም ወገብህ ቢጎዳ ካሳ የለህም። የታክሱንም ሁለቱን ድርሻ፣ 15.3 በመቶውን፣ ራስህ ትከፍላለህ።

ማደግህን እደግፋለሁ። መንገዱ ግን ሌላ ነው። ያንን ገንዘብ አስቀምጠው፤ እቁቡንም አታቋርጥ። ከነጂነት ወደ ማናጀርነት የሚያሳድግህ ኮንትራክተር ፈልግ። ፕሮግራም ማውጣት፣ ሰው መቅጠር፣ ሰትልመንት ማንበብ በሰው ገንዘብ ተማር። ኮንትራክተር ሆነው ከተሳካላቸው ከማውቃቸው የእኛ ልጆች ብዙዎቹ መጀመሪያ የሌላ ሰው ማናጀር ነበሩ። አሠሪህን ግን አክብረህ “አልችልም” በለው፤ ለምን እንደሆነ ማስረዳት የለብህም።

ጥያቄ

እህቴ፣ ባለቤቴ የአማዞን ሩት እገዛለሁ እያለ ነው። አንድ ሰው 60,000 ዶላር ከሰጠኸኝ አስገባሃለሁ ብሎታል። እውነት ይሸጣል?

ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ

መልስ

አንቺዬ፣ አይሸጥም፤ ሰውየው ያታልላችኋል። አማዞን ከሰኔ 2018 ጀምሮ ፓኬጁን የሚያደርሱለትን አነስተኛ ኩባንያዎች የሚመርጠው ራሱ ነው፤ ማመልከቻው በድረ ገጹ በነጻ ይሞላል። ፕሮግራሙን ሲጀምር በ10,000 ዶላር መነሳት ይቻላል ብሎ ነበር ያስተዋወቀው፤ አመልካቹ ግን 30,000 ዶላር በእጁ እንዳለ ማሳየት ይጠበቅበታል። ከ20 እስከ 40 ቫን ማሰማራትና ያንን ሁሉ ሾፌር ቀጥሮ ማስተዳደር አለበት። ቃለ መጠይቅ አለ፤ ሰው የማስተዳደር ልምድ ይጠየቃል። አማላጅ የሚገባበት ቦታ የለም።

ባለቤትሽ በራሱ መኪና ትርፍ ሰዓት መሥራት ብቻ ከሆነ ሐሳቡ፣ አማዞን ፍሌክስ የሚባለው በስልክ ይመዘገባል፤ ለእሱም ለማንም አይከፈልም። የመኪናችሁ ኢንሹራንስ ፓኬጅ ማድረስን እንደሚሸፍን ግን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ለሰውየው የተሰጠ ገንዘብ ካለ ዛሬውኑ ደረሰኙንና የጽሑፍ መልእክቶቹን ሰብስቡና ፖሊስ ጋ አመልክቱ፤ በባንክ የተላከ ከሆነም ሳትውሉ ሳታድሩ ባንካችሁ ደውሉ።